ተደጋግሞ የሚመጣ ቅዠትን እዛው ህልሙ ውስጥ ሆኖ እንዴት መቀየር ይቻላል

ለአመታት አንድ አይነት ህልም ነበር የማየው። ፈተና ተጀምሯል፣ እኔ ክፍሉን ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር እሮጣለሁ፣ በሮቹ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ዞር ብዬ ባየሁት ቁጥር ይቀያየራል፣ ከዛ ላብ በላብ ሆኜ እባንናለሁ። ትምህርት ከጨረስኩ በኋላም ስራ ሲደራረብብኝ ይመጣብኝ ነበር።

የገላገለኝ ሉሲድ ድሪም የሚሉት ነገር ነው፣ ህልም እያያችሁ "ይሄ እኮ ህልም ነው" ብሎ ማወቅ ማለት ነው። የወሬ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ኪት ሄርን የሚባል ተመራማሪ፣ ተኝቶ ህልም የሚያይ ሰው ቀድመው በተስማሙት መሰረት አይኑን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ከህልሙ ውስጥ ምልክት ሲሰጥ በመሳሪያ መዝግቧል።

መጀመሪያ ደብተር ትራሳችሁ ስር አድርጉ። ስትነቁ ቶሎ አትነሱ፣ ስልክም አትንኩ፣ እንደተኛችሁ ህልሙን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስታውሱትና ጻፉት። ትንሽ ስትቆዩ የሚደጋገም ነገር ታገኛላችሁ፣ የኔ የበሩ ቁጥር ነበር። ምልክታችሁ እሱ ነው።

ቀን ላይ ደግሞ ህልም ላይ መሆን አለመሆናችሁን ፈትኑ፣ ቀን የለመዳችሁትን ህልም ውስጥም እንድታደርጉት ነው። አፍንጫችሁን ያዙና በሱ ለመተንፈስ ሞክሩ፣ ህልም ከሆነ ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ይገባል። ወይ አንድ ጽሁፍ አንብቡ፣ ዞር በሉና ድገሙት፣ ህልም ውስጥ ይቀየራል። ዝም ብሎ ለማድረግ ያህል ከሆነ ግን አይሰራም፣ "አሁን ህልም ላይ ብሆንስ?" ብላችሁ ከልብ መጠራጠር አለባችሁ።

ሶስተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ እባካችሁ እንዳትዘሉት። ቅዠቱን ቀን ላይ ቁጭ ብላችሁ መጨረሻውን እናንተ እንደፈለጋችሁት ቀይራችሁ ጻፉት፣ ከዛ በየቀኑ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ አይን ጨፍኖ አዲሱን ማየት ነው። ቴራፒስቶች ራሱ ለቅዠት ይሄን ይጠቀማሉ፣ ሉሲድ መሆን ባይሳካላችሁ እንኳን ይሄ ብቻውን ቅዠቱን ሊያቀለው ይችላል።

ከዛ ማግስቱን ስራ የሌላችሁ ቀን ከተኛችሁ ከ5 ሰአት በኋላ አላርም ሙሉ። ህልም የሚበዛው ወደ ንጋት ስለሆነ ነው። 20 ወይ 30 ደቂቃ ነቅታችሁ ቆዩና "ህልም ሳይ ህልም መሆኑን አውቃለሁ" እያላችሁ፣ ምልክታችሁን በአይነ ህሊና እያያችሁ ተመልሳችሁ ተኙ። በየሌሊቱ አታድርጉት፣ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ቅዠት ያባብሳል። አንዳንዴ ነቅታችሁ ሰውነት አልታዘዝ ሊላችሁ ይችላል፣ ዱካክ የምንለው ማለት ነው፣ ያስፈራል እንጂ ጉዳት የለውም፣ በቀስታ እየተነፈሳችሁ የጣታችሁን ጫፍ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፣ ይለቃችኋል።

ህልም መሆኑን ያወቃችሁ ለታ በደስታ አትፈንድቁ፣ ወዲያው ትነቃላችሁ። ህልሙ እንዳያመልጣችሁ እዛው ህልሙ ውስጥ እጃችሁን አፋትጉ፣ መሬቱን እዩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን 14 የነበረው በር 41 ሲሆን ነው የገባኝ፣ መዳፌን ሳፋትግ ሙቀቱ ሁሉ ይሰማኝ ነበር፣ ከዛ መሮጤን ትቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልተቆጣኝም፣ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። የሚያሳድዳችሁ ነገር ካለ ደግሞ አትሽሹት አትምቱትም፣ ዙሩና "ምን ፈልገህ ነው?" በሉት።

ቅዠታችሁ ከደረሰባችሁ ከባድ ነገር፣ ከአደጋ ወይ ከጥቃት የመጣ ከሆነ ብቻችሁን አትጋፈጡት፣ ከባለሙያ ጋር ስሩት። ነቅታችሁ እያለ እውነቱና ሀሳቡ የሚደባለቅባችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄን ባትሞክሩት ይሻላል። ቅዠቱ የጀመረው አዲስ መድሃኒት ስትጀምሩ ከሆነም ለሀኪማችሁ ንገሩት፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድሃኒቶች ቅዠት ያመጣሉ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት።