የደከመ የፊት ሞላ እንዴት ይቀየራል?

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ግን አጭር መንገድ መሆኑን ያስረሳል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ሞላው የደከመ መኪና አፍንጫው ይደፋል፣ ኩርባው ላይ ይዋልላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሾክ አብዞርበር ይቀይራል። መኪናውን የሚሸከመው ግን ሞላው ነው። ሾክ ሥራው የሞላውን መንጠር ማብረድ ነው፤ የወረደ መኪና ከፍ አያደርግም።

እዚህ የምጽፈው በፈረንጆች 1990ዎቹ ስለተሠሩት ኮሮላዎች የፊት ሞላ ነው።

መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሙና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ሁለቱንም ጎን። አንዱ በግልጽ ከወረደ፣ ወይም ሞላው ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሲቀየር ግን ግራና ቀኙ አብረው ነው። ሞላው መሃል ጎማ ጠቅጥቆ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። ጭነቱ የቀሩት ጥቅልሎች ላይ ያርፍና እነሱም ይሰበራሉ።

የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እንዳለ አላሉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ለኋላ ጎማ ታኮ አድርጉ፣ በክሪክ አንሱና በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ጎማው ሲወጣ የፍሬኑን ቱቦ ከሾኩ ላይ አላቁ። ከታች ሾኩን የያዙት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች የነበሩበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱ። ቱቦው እንዳይወጠር ጎማው የሚታሰርበትን ማቀፊያ በገመድ እሰሩት። ከዚያ ኮፈን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ፍቱና ሾኩን ከነሞላው አውጡት። መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ ግን አትንኩት!

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ሞላው ሾኩ ላይ እንዳለ እንኳ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ያ የመሃል ዳዶ ብቻ ነው አፍኖ የያዘው። ሳይጨመቅ ከተፈታ ሞላው ሰው የሚገድል ጉልበት ይዞ ይፈናጠራል። በሽቦና በሰንሰለት አስረው የሚፈቱ አሉ። ሰንሰለቱ ሲንሸራተት ማን ያቆመዋል?

ሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ጥርሱ የተበላውን፣ ዘንጉ የጎበጠውን መልሱ። የመጭመቂያውን ሁለት መንጠቆዎች ሞላው ላይ ፊት ለፊት፣ በተቻለ መጠን ብዙ ጥቅልል እንዲይዙ አድርጉ። በእጅ መፍቻ፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንደኛው ቀድሞ ከሄደ ሞላው ይጎብጥና መንጠቆው ይወጣል። በአየር የሚሠራ መፍቻ ፈጣን ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ፍጥነት አያስፈልግም። ፊታችሁ በሞላው ጫፍ አቅጣጫ አይሁን። ሞላው በእጅ መነቃነቅ ሲጀምር ነው የመሃል ዳዶው የሚፈታው።

አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አቁሙት። የሽቦው ውፍረትና የጥቅልሉ ስፋት መግጠም አለበት፤ አዲሱ ቢረዝም ግን አይግረማችሁ። አዲሱንም እንደዚያው ጨምቁ። የታችኛው ጫፉ መቀመጫው ላይ ካለችው ማቆሚያ ጋር መግጠም አለበት። መጭመቂያውን የምታላሉት የመሃል ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ነው፣ እንደገና እያፈራረቃችሁ።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። የፍሬኑን ቱቦ መልሶ ማሰር አይዘንጋ። ከዚያ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠሩ፤ ይህን የሚዘል ሰው ጎማ ያስበላል። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትሹ።