የፋህረልኒሳ ዘይድን ሕይወት በከሰል፣ በማርከርና በዶሮ አጥንት ማስተማር

የሰዓሊ ሕይወት በብዙ የመማሪያ ክፍሎች የሚሰጠው እንደ ነገሥታት ዝርዝር ነው፤ ተወለደች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ሞተች። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሳሉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማስተምራቸው ልጆች ይህን መንገድ ትቼዋለሁ። የሰዓሊዋ ኑሮ የተለወጠበትን ቦታ እመርጥና እዚያ ላይ እጇ የሠራውን እነርሱም እንዲሠሩት አደርጋለሁ። ለዚህ ከቱርክ ተወላጇ ፋህረልኒሳ ዘይድ የተሻለ ሰው አላገኘሁም፤ ኑሮዋ በተገለበጠ ቁጥር ሥዕሏም ተለውጧል።

የተወለደችው በ1901 ኢስታንቡል አጠገብ ባለችው በቡዩካዳ ደሴት ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያለዚያ ከእኛው 1901 ጋር ያምታቱታል። ከተረፉት ሥራዎቿ ቀደም ካሉት አንዱ በ1915፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ በውኃ ቀለም የሳለችው የአያቷ ምስል ነው። ትምህርቱን ከዚህ ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ አያቱን ወይም ጎረቤት ያሉ እማማን ይሳል። ከሰልና የደብተር ወረቀት ይበቃል። የእኛ አገር አያት ግን ለሥዕል ብላ እጇን አጣምራ አትቀመጥም። ጥጥ ስትፈትል ተዋት፤ እንዝርቱ ይዙር፣ ልጁም የሚንቀሳቀሰውን እጅ ትቶ ጸጥ ካለው ትከሻና ከሻሿ ይነሣ። «ምን እንዲህ ታፈጥብኛለህ?» ስትለው ይሣቅና ይቀጥል።

ከዚያ ሥዕል ጥቂት ቀደም ብሎ አባቷ በጥይት ሞተዋል፤ በዚህም ወንድሟ ተፈርዶበታል። ይህን የምነግረው ለትልልቆቹ ብቻ ነው። ሐዘን ሰዓሊ አደረጋት የሚለው ትንታኔ ግን አይዋጥልኝም፤ ሐዘን በየቤታችን ሞልቷል፣ ሰዓሊው ግን ጥቂት ነው።

ትምህርቷን ባጭሩ እለፉት። በ1919 ኢስታንቡል የሴቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1928 ፓሪስ በሚገኘው አካዳሚ ራንሶን ተማረች፤ በ1934 የኢራቁን ልዑል ዘይድን አገባች። ከዚያ በኋላ በርሊን፣ ባግዳድና ለንደን ኖራለች።

አሁን ልጆቹን ከክፍል አውጧቸው። ፋህረልኒሳ በአውሮፕላን ስትበር ምድርን ከላይ ማየቷ እንደለወጣት ራሷ ተናግራለች፤ ከተማው ሁሉ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ታይቷታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሰውና ዕቃ ከሸራዋ እየጠፉ ሄዱና በጥቁር መስመር የተከፋፈሉ ብዙ ሺህ ባለ ቀለም ቁርጥራጮች ቦታውን ያዙት። እኛ አውሮፕላን አያስፈልገንም። ጎጃም ዳገት አላጣም፤ ወደ ጮቄ የሚወጣው መንገድ ከፍ ማለት ሲጀምር ቁልቁል ማየት ነው። ኅዳርን ምረጡ። ጤፉ ቢጫ፣ ያልደረሰው ስንዴ አረንጓዴ፣ ታጭዶ የተገለበጠው መሬት ጥቁር ሆኖ፣ ማሳው ሁሉ በወሰን በወሰን ተለይቶ ይታያል።

እርሳስ አታስይዟቸው፤ ላጲስ ይለምዳሉ። ጥቁር ማርከር ብቻ ይያዙ። መጀመሪያ የማሳ ወሰኖችን ብቻ ያስምሩ፤ ዛፍ የለም፣ ጎጆ የለም። «መምህርት፣ ላሟስ?» የሚል አይጠፋም። ላሟ ትቅር። ቀለሙን ቤት ተመልሰው ይቀቡ፤ ሁለት የሚጎራበቱ ማሳዎች አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው ብቻ ተቆጣጠሩ። አንዳንዱ ልጅ እዚህ ላይ ማሳ መሳሉን ረስቶ ከቀለም ጋር ይጫወታል፤ ያን ጊዜ ዝም በሉት፣ ደርሷል።

ስለ መጠንም አሳዩዋቸው። በ1951 የሳለችው «የእኔ ሲኦል» ቁመቱ 2 ሜትር ያህል፣ ወርዱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ይህን በገመድ ለክታችሁ ግቢው ላይ ዘርጉት፤ ልጆቹ ዳር ዳሩን ይዙሩት። ከዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በዱቄት ሙጫ እያያዛችሁ የቻላችሁትን ያህል ሰፊ ገበታ ሥሩና ሁሉም በአንድነት ይሳሉበት።

ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚወዱት የአጥንቱን ክፍል ነው። ሐምሌ 14 ቀን 1958፣ በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 1950፣ ባግዳድ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ የንጉሡ ቤተሰብ ተገደለ። ዘይድና ፋህረልኒሳ ለዕረፍት ኢስኪያ በምትባለው የጣሊያን ደሴት ስለነበሩ ተረፉ፤ ዘይድ ለንደን የኢራቅ አምባሳደር ነበሩና የሚኖሩበትን የኤምባሲ መኖሪያ ግን ወዲያው መልቀቅ ነበረባቸው። በ57 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ምግብ አበሰለች። የዶሮውን አጥንት ሳትጥል ቀለም ቀባችው፤ ኋላም እንዲህ ያሉትን አጥንቶች በሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ እንደ መስታወት በሚጠጥር ሰው ሠራሽ ሙጫ፣ ውስጥ እያኖረች ብርሃን የሚያልፍባቸው ሥራዎች ሠራች። ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ልጆች አፋቸውን ይይዛሉ፤ አሥራ ሁለቱን የዶሮ ብልት በልጅነታቸው የለዩ ናቸውና በዚያ ዕድሜ መጀመር ጉድ ይሆንባቸዋል።

ይህን ክፍል ከፋሲካ ማግስት አውሉት፤ ያን ጊዜ አጥንት የሌለው ቤት የለም። ውሻ ሳይቀድማቸው የታፋውን፣ የክንፉንና የአንገቱን ያምጡ። የአንገቱ አጥንት ሲለያይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ስለሆነ ለትንንሾቹ ስጡ። የወጡ ቅባትና የበርበሬው ቅላት በቀላሉ አይለቅም። በሙቅ ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ ከዚያ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋችሁ ቅባት መንሳፈፉን እስኪተው ድረስ ውኃውን ለውጡ። አታንተክትኩት፣ ይፈረፈራል። በረኪናም አትጨምሩ፤ ሲነጣ ያምራል፣ በኋላ ግን ይቦረቦራል። ሰፌድ ላይ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም በስሱ ቀብታችሁ፣ የአጥንቱን ጉብታና ስርጉድ እየተከተሉ ጥቁር መስመር ያስምሩ፤ በመስመሮቹ መካከል ቀለም ይግባ። ሬዚኑን ለልጆች አልመክርም፤ ጢሱ ይጎዳል። በምትኩ ጀሶ ተጠቀሙ። የጫማ ካርቶን ውስጥ ፌስታል አንጥፋችሁ የተበጠበጠውን ጀሶ አፍስሱ፤ መጠጠር ሲጀምር አጥንቶቹን እስከ ግማሻቸው ድረስ ተጫኗቸው። ጀሶ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ማንም እጁን አይክተት።

ባሏ በ1970 ከሞቱ በኋላ፣ በ1975 ወደ ዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ሄዳ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1991 ድረስ፣ ሴቶችን ሥዕል አስተማረች። በእነዚያ ዓመታት የሳለቻቸው ሰዎች ዓይናቸው የጎላ ነው። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ልጅ «የእኛን ቤተ ክርስቲያን አይታለች እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። አይታለች አትበሉት፤ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አኑሩና የሚለዩበትን እርሱ ይዘርዝር።

ማሳያ አዳራሽ የለንም ብላችሁ አትቅሩ። ፋህረልኒሳ በ1945 የመጀመሪያውን የግል ትርኢቷን ያሳየችው ኢስታንቡል በሚገኘው መኖሪያ ቤቷ ነው። የአንዱን ልጅ ቤት ሳሎን ለምኑ፣ ሶፋውን ወደ ጓሮ አውጡ፣ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ስምና ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ዋጋ አትጻፉ፤ ገዢ ከመጣ ልጁ ራሱ ይደራደር።