ወረዳው ለቤት አልባ ወገኖች ማደሪያ እንዲፈቅድ እንዴት ይጠየቃል?

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን አራት ገጽ ነበር። የጻፉት የዕድራችን ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አማርኛው ያስለቅሳል። የወረዳው ኃላፊ ግን ግማሽ ገጽ እንኳ ሳያነቡ ቀና ብለው «እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግላችሁ?» አሉን። አምስታችን ተያየን። ለዚያ ጥያቄ ያዘጋጀነው ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ምላሹ በሌሊት መጣ። መኪና ቆመና ታክሲ ተራው አጠገብ የሚያድሩትን አፍሶ ሄደ። ከአሥር ቀን በኋላ ግማሾቹ በእግራቸው ተመለሱ። አንዲት እናት የልጇን የክትባት ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ከካርቶኑ ሥር ታስቀምጠው ነበር፤ ስትመለስ ካርቶኑም ፌስታሉም ተጠርጓል። ደብዳቤያችንን መልሰን ስናነበው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የአካባቢው ጽዳትና ጸጥታ» የሚል ሐረግ አገኘን። አፈሳውን የጠራነው እኛው ነን። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ሰፈራችሁ የማን እንደሆነ አረጋግጡ

መሐል ከተማ ላለ ሰው ይህ ቀልድ ይመስለዋል። ዳር ላለነው አይደለም። በነሐሴ 2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች የወሰን ስምምነት አድርገዋል፤ በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በኦሮሚያ ሥር፣ ሸገር ከተማ ተመሥርቷል። ኮዬ ፈጬን በመሳሰሉ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ይህን ሳያጣራ ደብዳቤ ቢይዝ ሁለት ወር ሙሉ «የኛ አይደለም» እየተባለ ይንከራተታል። የመኖሪያ መታወቂያችሁን የሚያድሰው ጽሕፈት ቤት የቱ ነው? ከዚያ ጀምሩ።

2. ቁጠሩ፣ ስም ግን አትጻፉ

ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ዙሩ። ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። ልጅ የያዘች እናት ስንት፣ አረጋዊ ስንት፣ ታማሚ ስንት፣ ሠርቶ የሚያድር ስንት ብላችሁ ለዩ። የመጨረሻው ቁጥር ኃላፊዎችን ያስደነግጣል። ኮንዶሚኒየሙን ሲገነባ የነበረ የቀን ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ያው ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ቀን ሲሚንቶ እያወረደ ማታ የሚገባበት የለውም። መሐል ከተማ በደባልነት ይኖር የነበረውም ስሙ ከኪራይ ደብተሩ ላይ ስለሌለ ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ይገባኛል የሚልበት ወረቀት የለውም።

ስምና ትክክለኛ የማደሪያ ቦታ ወረቀት ላይ አይውጣ። ያ ዝርዝር በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። ሰዎቹን ግን «ምን ቢደረግላችሁ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ምግብ የሚሉ መስሎን ነበር። አብዛኞቹ ያሉት የነዋሪነት መታወቂያ ነው። ከመጡበት መሸኛ የላቸውም፣ ያለ መሸኛ መታወቂያ የለም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ሴፍቲኔትም ሆነ ሌላ ድጋፍ ላይ ለመመዝገብ ይቸገራሉ።

3. አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ

«የቤት ችግር ይፈታልን» የሚል ጥያቄ ለወረዳ አይቀርብም። ወረዳ ኮንዶሚኒየም አይሠራም፣ መሬትም አያድልም። ወረዳ ማድረግ የሚችለው ቁልፍ መስጠት፣ ደብዳቤ መጻፍና በዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ከእነዚህ ባንዱ ይመለስ። የተዘጋ ኮሙናል (የኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ወይም ማታ ማታ ባዶውን የሚያድር የወጣት ማዕከል አዳራሽ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሌሊት ማደሪያ ይፈቀድ። ወይም በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የሚታደሰው የአቅመ ደካሞች ቤት ዕቅድ ውስጥ የእናንተ ሰፈር ሁለት ቤት ይያዝ።

የእናንተ ጉዳይ ኪራይ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። በየሰፈሩ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ ደላላ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጥያቄያችሁ «ኪራይ ተወደደ» ከሆነ ራስ ነቅንቀው ይሸኟችኋል። «በዚህ ወረዳ ስንት ውል ተመዝግቧል? ያላስመዘገበው ላይስ ምን ተደረገ?» ብትሉ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ ፋይል መክፈት አለበት።

4. ከወረዳው በፊት ጎረቤት

ኮሙናሉ የነዋሪው ማኅበር ከሆነ ወረዳው ቢፈቅድም የብሎክ ተጠሪዎች ሊያግዱት ይችላሉ። «ሌባ ልታስገቡብን ነው» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መምጣቱ አይቀርም። አትቆጡ፤ ስጋቱ የሞኝ ስጋት አይደለም። ስንት ሰዓት ተገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱን ማን እንደሚያጸዳ በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። እኛ ጋ ክርክሩን የዘጉት አንዲት እናት ናቸው፤ «ለሠርግ ሲሆን ድንኳን ከነወንበሩ እናወጣለን፣ ለሕያው ሰው ፍራሽ ማውጣት ይህን ያህል ያሟግታል?» አሉ።

5. ወሩን አትሳቱ

ሰው የሚጽፈው ዝናቡ ሲወርድ፣ ሐምሌ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ዕቅዱም በጀቱም ተዘግቷል። ደብዳቤያችሁ ጥር ወይም የካቲት ላይ መግባት አለበት።

6. ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ የዕድሩ ማኅተም ያለበት። የእኛ ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ለክረምቱ ወራት የሌሊት ማደሪያ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ። በሰፈራችን ሕፃናት የያዙ 9 እናቶችና 14 አረጋውያን በውጭ እንደሚያድሩ አረጋግጠናል። ዕድራችን 25 ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ተረኛ ጠባቂ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ያቀርባል። ከጽሕፈት ቤታችሁ የምንጠይቀው ተዘግቶ ያለው አዳራሽ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 እንዲፈቀድልን ብቻ ነው።»

«በኅብረተሰብ ተሳትፎ» የምትለዋ ቃል በሪፖርታቸው ላይ የምትገባ ናት፤ አትርሷት። «ጽዳት»፣ «ጸጥታ»፣ «የከተማ ገጽታ» የሚሉትን ግን አንድም ቦታ አታስገቡ። ሕግ መጥቀስ ካስፈለገ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጋው መኖሪያ እንዲያገኝ ፖሊሲ መቀረጽ እንዳለበት ያነሣሉ። አንድ መስመር ይበቃል። ሕግ የበዛበት ደብዳቤ የክስ ሽታ አለው፤ ወዲያው ወደ ሕግ ክፍል ተመርቶ እዚያው ይቀራል።

7. መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ደጅ ጥናት

ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤትና ለክፍለ ከተማው ይሂድ። ከሳምንት በኋላ «ምን ደረሰ?» ሳይሆን «ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተመራለትን ሰው ስም ያዙና እሱ ጋ ተመላለሱ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል አይቀርም፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ። ስትሄዱ ሦስት ሁኑ፤ አንዷ ውጭ የምታድር እናት ራሷ ብትሆን፣ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ ንግግሩ ይቀየራል።

መልስ ካልመጣ ቅሬታ ሰሚው አለ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማው አለ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ የምትሄዱት ይህን ሁሉ ይዛችሁ ነው፤ የገቢ ቁጥሩ የሌለው አቤቱታ እዚያ ክብደት አይኖረውም።

ሲፈቀድም በቃል አትቀበሉ። የአዳራሹ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የመብራትና የውኃ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በደብዳቤ ይሰፍር። እኛ የውኃውን ረስተን ነበር፤ ነሐሴ ላይ የመጣውን ሒሳብ ዕድሩ ከለቅሶ ገንዘቡ ከፈለ። ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይሁን፣ አንደኛው ከወረዳው።