ለጀልባ የድምፅ ሥርዓት ተስማሚውን ሽቦ ስለመምረጥ

በጀልባ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ለመግጠም ሲታሰብ ብዙ ሰው ትኩረቱን ሁሉ በስፒከሩና በአምፕሊፋየሩ ላይ ያደርግና ሽቦውን በተረፈው ገንዘብ ይገዛዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስፒከር ቢበላሽ የሚጠፋው ድምፁ ብቻ ነው፤ ሽቦው ግን ከባትሪ ጋር ተያይዞ፣ ከዓይን በተሰወረ ቦታ፣ በእርጥበትና በንዝረት መካከል የሚኖር በመሆኑ ምርጫው ከተበላሸ ለእሳት መነሻ ሊሆን ይችላል።

በቅድሚያ የሚታየው ሽቦው የተሠራበት ብረት ነው። ለጀልባ የሚስማማው እያንዳንዱ ክር በቲን የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ነው። ያልተለበጠ መዳብ በጨዋማ አየር ውስጥ ሲቆይ እርጥበቱ ከጫፉ ጀምሮ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ከውጭ ደህና የሚመስለው ሽቦ ሽፋኑ ሲላጥ ክሮቹ ጠቁረው ወይም አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ይገኛሉ። ከዚህም የባሰው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን በጨው ውኃም ቶሎ ይበላል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ክር መዝዞ በቢላ ጫፍ መፋቅ ይበቃል፤ በቲን የተለበጠው መዳብ ከላይ ብርማ ሆኖ ውስጡ ቀይ ሲወጣ፣ መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም በተቃራኒው ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ይወጣል። ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆንም ይኖርበታል፤ ባለ አንድ ወፍራም ክር የቤት ሽቦ በሞተሩና በማዕበሉ ንዝረት ውሎ አድሮ ይሰበራል።

ሰፊውን ጥንቃቄ የሚጠይቀው የውፍረቱ ጉዳይ ነው። በመኪና ውስጥ የብረት አካሉ ራሱ የኔጌቲቭ መመለሻ ሆኖ ስለሚያገለግል ኔጌቲቩን በአጭር ሽቦ ከአካሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ከፋይበርግላስ የተሠራ ጀልባ ግን ይህ የለውም፤ አሉሚኒየም የሆነውም ቢሆን አካሉ ይበላልና ለመመለሻነት ፈጽሞ መዋል የለበትም። ስለዚህ ኔጌቲቩ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ እስከ ምንጩ ድረስ መመለስ አለበት፣ በስሌቱም የሚገባው የደርሶ መልስ ርዝመቱ ነው። ለምሳሌ አምፕሊፋየሩ እስከ 40 አምፒር የሚስብና ከባትሪው በሽቦው መንገድ 4 ሜትር የሚርቅ ከሆነ ርዝመቱ 8 ሜትር ይሆናል። 8ን በ40፣ ውጤቱን ደግሞ መዳብ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን በሆነው 0.0172 ስናባዛ 5.5 እናገኛለን፤ ይህንን በመንገድ ላይ እንዲጠፋ በምንፈቅደው ቮልቴጅ እናካፍላለን። የአሜሪካ የጀልባ ሥራ ደረጃ አውጪ ድርጅት ለወሳኝ መሣሪያዎች 3 በመቶ፣ ለሌሎቹ 10 በመቶ የቮልቴጅ መቀነስ ይፈቅዳል። ሙዚቃ ወሳኝ ባይባልም ለአምፕሊፋየር 3 በመቶውን መምረጥ ይሻላል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር መጎርነን ይጀምራልና። በ12 ቮልት ሥርዓት 3 በመቶ 0.36 ቮልት ስለሆነ የሚያስፈልገው ሽቦ 15.3 ካሬ ሚሊሜትር፣ በገበያ ከሚገኘው ደግሞ 16 ይሆናል። በአሜሪካ የሽቦ ቁጥር ለሚገዛ 6 ቁጥር 13.3 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አስታውሶ 4 ቁጥርን ይውሰድ።

የስፒከር ሽቦ ቀላል ነው። ባለ 4 ኦም ስፒከር እስከ 8 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ወይም ባለ 2 ኦም ሲሆን 2.5 ይመረጣል።

ፊውዝ የሚገጠመው መሣሪያውን ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህም በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ ላለው ሽቦ ምንም አይፈይድም። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው መሠረታዊ ልክ 17.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ዋናው ፊውዝ በሽቦው ላይ ከባትሪው በዚህ ርቀት ውስጥ ይቀመጥ፣ መጠኑም ሽቦው ሳይግል ሊሸከመው ከሚችለው አምፒር አይብለጥ።

በቀለም ረገድ በተለይ ቢጫው ሽቦ አደገኛ ነው። ከመኪና ሬዲዮ ጀርባ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኘው ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በአሜሪካው ደረጃ በተሠሩ ጀልባዎች ግን ቢጫ ኔጌቲቭ ነው። ቀለም ከቀለም ያገናኘ ሰው ማጫወቻውን ያለ ኃይል ያስቀረዋል፣ ወይም ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን በቀጥታ ያጋጥማቸዋል። በመለኪያ ሳያረጋግጡ ማገናኘት አይገባም፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ ስሙን ጽፎ መለጠፍም ለኋላው ጠጋኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፁን የሚወስደው ቀጭን ኬብል ከኃይል ሽቦው ጋር ጎን ለጎን ከሄደ የሞተሩን ፉጨት ይቀበላል፤ በሌላው የጀልባ ጎን ይለፍ፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነም በመስቀለኛ ይተላለፉ። በኮምፓስ አጠገብ የሚያልፉ የኃይል ሽቦዎች ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እርስ በርስ ይገመዱ፤ ተነጣጥለው ከሄዱ በሚፈጥሩት መግነጢስ መርፌው አቅጣጫ ይስታል። የስፒከር ማግኔትም እንዲሁ ያደርጋልና ከኮምፓሱ ይራቅ።

የሽቦው ጫፍ በትክክለኛው ፒንሳ ተጨምቆ ባለ ቀለበት ተርሚናል ከተገጠመለት በኋላ፣ በውስጡ ማጣበቂያ ባለውና በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን። ናስትሮ በእርጥበት ይላቀቃል፤ በካውያ ብቻ የተበየደ መገናኛም በንዝረት ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰበራል። ሽቦው በየ45 ሴንቲሜትሩ ይታሰር፣ በቀዳዳ ሲያልፍም ጠርዙ እንዳይቆርጠው የጎማ ቀለበት ይደረግለት።

ሥራው ሲያልቅ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ከፍቶ ቮልቴጁን በባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከ0.36 ቮልት ከበለጠ እያንዳንዱን መገናኛ በእጅ መዳሰስ፣ ሞቆ የተገኘውን ፈትቶ እንደገና መጭመቅ፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ሽቦውን በአንድ ደረጃ ማወፈር ነው።