በሁለት ኮለን ፋንታ አራት ነጥብ
የተላከልኝ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በአራት ነጥብ (።) ፋንታ ሁለት ኮለን (::) እየተደረደረ የተተየበ ነበር። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ምልክት ነው። የራሳችን ነጥብ እያለ እንዲህ ሲጻፍ ያሳዝነኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ አልተጫነም።

መላው የተገኘው እዚያው ማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ ነው። የአራት ነጥብን የዩኒኮድ መለያ ቁጥር፣ 1362 ብዬ ጻፍኩ። ጠቋሚውን ሳላንቀሳቅስ አልትን ይዤ ኤክስን ስጫን ቁጥሩ ወዲያው አራት ነጥብ ሆነ። እሱን ኮፒ አደረግኩና በኮንትሮልና ኤች ኮለኖቹን በሙሉ ባንዴ ተካኋቸው። 1363 ነጠላ ሰረዝ፣ 1364 ድርብ ሰረዝ ያወጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓረፍተ ነገሩ በዓመተ ምሕረት ቁጥር ካለቀ ዎርድ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያነባቸዋል። ያኔ 1362ን ብቻ በማውስ ምረጡና አልትና ኤክስን ተጫኑ።