«ዓለም ኤአይን ፈራው» ከማለታችን በፊት

ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ምን ያስባሉ የሚሉ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሲደርሱ ግን የሚቀረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ቻይናዎች ወደውታል፣ አሜሪካኖች ፈርተውታል» ተብሎ ይታለፋል። የሚከተሉትን ስህተቶች ብናስወግድ ጥሩ ነው።

ማን እንደተጠየቀ አለማየት። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው ባይ ነኝ። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ኢፕሶስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 በ32 አገሮች ጥናት አድርጎ ነበር። ኤአይ ያለባቸው ምርቶች ከጉዳታቸው ጥቅማቸው ይበልጣል ያሉት በቻይና 83፣ በኢንዶኔዥያ 80 በመቶ ናቸው። በአሜሪካ 39 ብቻ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን መጠይቁ በአብዛኛው የተሞላው በኢንተርኔት ነው። እንደ ኢንዶኔዥያ ባሉ አገሮች መልስ ሰጪዎቹ ከቀረው ሕዝብ ይልቅ ከተሜ፣ የተማሩና የተሻለ ገቢ ያላቸው መሆናቸውን ኢፕሶስ ራሱ ያሳስባል። የጃካርታ የቢሮ ሠራተኛ የሰጠው መልስ የሩዝ ገበሬው መልስ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

መሃል ያሉትን መዝለል። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 52 በመቶው ከጉጉቴ ስጋቴ ይበልጣል አሉ። ጉጉቱ ያመዘነባቸው 10 በመቶ ናቸው። 36 በመቶው ግን ሁለቱም እኩል ይሰማናል ብለዋል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ እነሱን ዜናው ውስጥ አናገኛቸውም።

ስጋትን እንደ ጥላቻ መቁጠር። ስለ እንጀራው የሰጋ ሰው በዚያው ቀን ቻትጂፒቲን ሊጠቀም ይችላል።

ወሬው ገና ያልደረሰውን ሰው መርሳት። ፒው እ.ኤ.አ. በ2025 በ25 አገሮች ሲጠይቅ፣ በጃፓን ግማሽ ያህሉ ስለ ኤአይ ብዙ ሰምተናል ሲሉ በኬንያ እንዲህ ያሉት 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለ ነገሩ ብዙም ያልሰማ ሰው አልሰጋም ቢል፣ አምኖ ተቀበለው ማለት አይደለም።

የጎረቤትን መልስ የኛ ማድረግ። ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ኢትዮጵያ በኢፕሶስም ሆነ በፒው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ የለችም። ፒው ከሰሃራ በታች የጠየቀው ኬንያን፣ ናይጄሪያንና ደቡብ አፍሪካን ነው። ስለዚህ «አፍሪካውያን እንዲህ አሉ» የሚል ርዕስ ስናይ የጅማ ተማሪ ወይም የደብረ ብርሃን ነጋዴ ተጠይቀዋል ብለን አናስብ። የነሱን ሐሳብ ለማወቅ ጠያቂው ያሉበት ድረስ ሄዶ፣ ፊት ለፊት፣ በሚናገሩት ቋንቋ ይጠይቃቸው።