የአባታችሁ ሳክስፎን ትምህርት ቤት ይከፍታል?

አባታችሁ ሙዚቀኛ ነበሩ እንበል። አርባቸው ወጥቷል። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሳክስፎን፣ ግድግዳው ላይ ክራር፣ አልጋው ሥር አቧራ የጠጣ ኪቦርድ አለ። አንዱ ዘመድ ቡና እየጠጣ "ይሄን ሸጠን በስማቸው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብንከፍትስ?" ይላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ሐሳቡማ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሂሳቡ ነው።

አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቫዮሊን ለጨረታ ቀረበ። ጣሊያናዊው ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ እ.ኤ.አ. በ1714 የሠራው ነው። አንድ ዘመን የታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች የዮአኪም ነበር፣ በኋላ ሲ ሆን ማ የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች እጅ ገባ። እሱ ካረፈ በኋላ ቫዮሊኑ ቦስተን ለሚገኘው፣ ራሱ ለተማረበት ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ተሰጠ። ከጨረታ ቤቱ ክፍያ ጋር 11.25 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ብር አዲስ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። ገንዘቡ የተመደበው ድሮም ለነበረ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ነው።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ያለዚያ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይከሳል። ቀጥሎ ዕቃው በእርግጥ የአባታችሁ መሆኑን አጣሩ። ኦርኬስትራ ወይም ቴአትር ቤት ይሠሩ ከነበረ ሳክሱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ውስጥና የዕቃው ገላ ላይ ማኅተም ወይም ቁጥር ፈልጉ።

ከዚያ ዋጋ። ሳክስፎን ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት በደወሉ (በሰፊው አፉ) በኩል ወደ ውስጥ አብሩ፣ ቁልፎቹን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ብርሃን የሚያፈተልክበት ቦታ ካለ ፓዱ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክዳን) በደንብ አይዘጋም ማለት ነው፣ ገዢም በዚያው ልክ ይቀንስባችኋል። ከኋላ በኩል፣ አውራ ጣት ከሚያርፍበት አካባቢ፣ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ፈረንሳይ የተሠራ፣ ሰልመር ማርክ ስድስት የሚባለው አሮጌ ሞዴል ከሆነ ደህና ብር ያወጣል። ደግሞ እባካችሁ አታስወልውሉት! እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ አዲስ ቀለም ካስቀባችሁት ዋጋው ይወርዳል። ማውዝፒሱንም (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋውን ጫፍ) አትለዩት። የአጎቴን ለቅሶ ላይ አንድ ሕፃን ፊሽካ መስሎት ይዞት ሄዶ፣ በስንት ልመና በሦስተኛ ወሩ አገኘነው።

ክራርና ማሲንቆ ላይ ግን ራሳችሁን አትሸንግሉ። ዛሬም የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ አዲሱ በቀላሉ ይገኛል። ዋጋ የሚጨምርላቸው ባለቤታቸው የታወቁ ከሆኑ ነው፣ እሱም ያንኑ ክራር ይዘው የተነሱት ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሲኖር። ያረጀ በገና ካለና ውጭ አገር ያለ ሰው "ልግዛው" ካላችሁ፣ ቅርስ ሊሆን ስለሚችል ከማውጣታችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ አይወጣም።

አሁን ወረቀት አውጡ። የአንድ ወር የቤት ኪራይ፣ የሁለት መምህራን ደመወዝ፣ የጥገና ወጪ ደምሩና በ24 አባዙት። ተማሪ ከፍሎ ቤቱን መሸከም እስኪጀምር ሁለት ዓመት ይፈጃል ብዬ ነው። የሽያጩ ብር እዚያ ካልደረሰ (አይደርስም፣ እመኑኝ) ትምህርት ቤቱን እርሱት። ደግሞስ መሣሪያውን ሁሉ ሸጣችሁ ልጆቹን በምን ልታስተምሩ ነው? መልሳችሁ ልትገዙ?

እኔ ብሆን ውዱን አንዱን ብቻ ሸጬ አንድ ወይም ሁለት ልጅ አስተምርበታለሁ። የቀረውን ለሚያስተምር ሰው እሰጣለሁ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይሁን የሰፈር ክበብ።

ከዕቃው ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው የቅጂ መብቱን ነው። አባታችሁ የደረሱት ዜማ ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾች ይቆያል። ሳክስ አንዴ ይሸጣል፣ ዜማ ግን በተጫወቱት ቁጥር ሊከፈልበት ይችላል። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን የወጣው ሸክላቸው ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ታስቦ ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ካረፉም በኋላ ሙዚቃው እየተሸጠ ነው። ስለዚህ ካሴቶቹን፣ ውሎቹንና የኖታ ደብተሩን ከኪቦርዱ በፊት ሰብስቡ፤ ቆራሌ እንዳይወስዳቸው።

መሣሪያ ስትሰጡም በቃል አትስጡ። ማን ይይዘዋል፣ ሲሰበር ማን ያሠራዋል፣ መሸጥ ይችላል ወይ፣ ቦታው ቢዘጋ ሳክሱ ወደ ማን ይመለሳል? አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለት ምስክር አስፈርሙበት፣ የመሣሪያውንም ቁጥር እዚያው ጻፉት።